የዳሌ ውልቃትና ስብራት፦ ሰዓቱ ለምን ይቆጠራል?

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሥራዬ ዳሌው የወለቀ ሰው ሲመጣ ከአስታማሚዎቹ አስቀድሜ የምጠይቀው አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ነው። የሕክምናው ውጤት በአብዛኛው በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

ዳሌ በቀላሉ አይወልቅም። እንደ ኳስ የከበበው የጭን አጥንት ራስ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ በጠንካራ ጅማቶች ታስሯል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ ጉልበቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ሲላተም ግን ግፊቱ በጭኑ አልፎ ራሱን ወደ ኋላ ያስወጣዋል። ከአሥር ውልቃቶች ዘጠኝ ያህሉ ወደ ኋላ ናቸው። ራሱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የጎድጓዳውን ጠርዝ ይሰብራል፤ አንዳንዴም ራሱ ይሰነጠቃል። እግሩ አጥሮና ታጥፎ ወደ ውስጥ ይዞራል።

ራሱ ከቦታው ሲወጣ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ይወጠራሉ ወይም ይበጠሳሉ። ስለዚህ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት። ከዘገየ አጥንቱ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል፤ ጉዳቱም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ፍጥነት ማለት በዘፈቀደ መጎተት አይደለም። የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ከሆነ ጉተታው ስብራቱን ያባብሰዋል። ወጌሻ ራጅ ስለሌለው ይህንን ማወቅ አይችልም። እኛ ለሕይወት የሚያሰጋ ሌላ ጉዳት አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ራጅ እናነሳለን፤ ጉልበቱንም እንመረምራለን። ከዳሌው ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ መጎዳቱን ለማወቅም በሽተኛው የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ እንዲያነሳ እንጠይቃለን። ከዚያም በማደንዘዣ አስተኝተን እንመልሰዋለን። እምቢ ካለ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል።

ከተመለሰ በኋላ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ስብርባሪ ካለ ይወጣል፤ የጎድጓዳው ጠርዝ በሰፊው ተሰብሮ ዳሌው የማይረጋ ከሆነ በብረትና በብሎን ይታሰራል። ይህኛው ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ውልቃቱን መመለስ ግን ለነገ አይባልም።

እንዲህ ያለ አደጋ ቢያጋጥምዎ እግሩን አይጎትቱ፤ ለማቃናትም አይሞክሩ። ባለበት ሁኔታ በትራስ ደግፈው ራጅና ማደንዘዣ ወዳለው ሆስፒታል በቀጥታ ይውሰዱ። ማደንዘዣ ስለሚሰጠው ምግብም ውኃም አይስጡት። አደጋው የደረሰበትን ሰዓትም ለሐኪሙ ይንገሩ።