የማይዝገው ሽጉጥና አወላወሉ

«የማይዝግ ብረት» የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። ታሪኩን ስንመረምር መነሻው የጦር መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ቶሎ እንዳይበላ መላ ሲፈልግ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለበትን ብረት አቀለጠ። ብረቱ ግን አስቀድሞ የተለመደው በገበታ ቢላዋ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሞዴል 60 የተባለውን የማይዝግ ሽጉጥ ያወጣው በ1965 ነበር፤ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ መሆኑ ነው።

ከዚያ በፊት ሽጉጥ ከዝገት የሚጠበቀው ገላውን በማጥቆር ወይም በኒኬል በመለበጥ ነበር። ልባጡ አንዴ ከተፋቀ በውልወላ አይመለስም። በአዲሱ ብረት ግን ክሮሚየሙ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ቢጫርም ሽፋኑ ራሱን ይተካል። ስለዚህ ቀላል ጭረትን በመወልወያ ቅባት ማጥፋት ይቻላል (ጥይቱ ከወጣ በኋላ መሆኑን ማንም አይስተውም ብለን እናምናለን)።

ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በተራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የፈተጉት እንደ ሆነ የሽቦው ቅንጣት በገላው ላይ ቀርቶ ይዝጋል፤ ባለቤቱም ሽጉጡ ራሱ የዛገ መስሎት ፋብሪካውን ያማል። የላብ ጨው ደግሞ ሽፋኑን በስቶ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቈፍራል። እንግዲህ በእጅ ከተያዘ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረጉና ዘይት በስሱ መቀባቱ እንደ ጥንቱ አልቀረም። ደብዘዝ ተደርጎ የተሠራውንም የፋብሪካውን የፍትጊያ መሥመር ሳይከተሉ ቢወለውሉት መልኩ ይዥጐረጐራል።