ከሥር የሚሰማ ድምፅ፤ ቻርሊ ሄደንና ኮንትራባሱ

በጃዝ ቡድን ውስጥ የአድማጭ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በትራምፔትና በሳክስፎን ተጫዋቾች ላይ ነው። ከሰው ቁመት የማያንሰውን ኮንትራባስ አቅፎ ከኋላ የሚቆመው ሙዚቀኛ ሥራው ምት መጠበቅና የሌሎቹን ዜማ ከሥር መሸከም በመሆኑ ስሙ እምብዛም አይነሣም። አሜሪካዊው ቻርሊ ሄደን (እ.ኤ.አ. 1937-2014) ይህን ቦታ ሳይለቅ ከዘመኑ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዝናው በከፊል ከአጨዋወቱ፣ በከፊል ደግሞ በአንድ ምሽት ከመድረክ ከተናገረው ቃል የመጣ ነው። እነዚህ ሁለቱ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ለመረዳት የሕይወቱን ጉዞ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄደን የተወለደው በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ሼናንዶዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ የገጠሩን ሕዝብ ዘፈን በሬዲዮ ያቀርብ ስለ ነበር እርሱም ገና በሕፃንነቱ ከማይክሮፎን ፊት ቆሞ መዝፈን ጀመረ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን የፖሊዮ በሽታ የጉሮሮውን ጡንቻዎች በማዳከሙ ዘፋኝነቱ ተቋረጠ። ፊቱንም ወደ ኮንትራባስ መለሰ። ይሁን እንጂ የዘፋኝነት ጠባዩ አብሮት ኖሯል፤ የጣቱን ፍጥነት ለማሳየት ሳይጣደፍ ጥቂት ድምፆችን መርጦ እያንዳንዱን እንደሚዘፈን ቃል አሟልቶ ይጫወት ነበር። የበገናን ዝግ ያለና ወፍራም ድምፅ የለመደ ጆሮ ይህን አጨዋወት ለማጣጣም ብዙ አይቸገርም።

በ1957 ወደ ሎስ አንጀለስ ተጉዞ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከኦርኔት ኮልማን ጋር ተገናኘ። በዚያን ጊዜ የጃዝ ተጫዋቾች ፈጠራ በአመዛኙ አስቀድሞ በተወሰነ የኮርድ ቅደም ተከተል የታጠረ ነበር፤ የቤዝ ተጫዋቹም ዋና ተግባር ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነበር። ኮልማን ይህን አጥር ሲያፈርስ ሄደን የሚመራበት መንገድ በጽሑፍ የተቀመጠ አልሆነም። ሳክስፎኑ ወዴት እንደሚያመራ በጆሮው እየተከተለ መሠረቱን በዚያው ቅጽበት መጣል ነበረበት። በ1959 የተቀዳው «የመጪው ጃዝ ቅርጽ» የተባለው አልበም የዚህ ዘዴ ዋነኛ ምስክር ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቡድኑ በኒው ዮርክ «ፋይቭ ስፖት» በተባለው ክበብ ሲጫወት ሙዚቀኞችና ሃያስያን በሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ የአዲስ ዘመን መክፈቻ ነው ሲል ገሚሱ ሥርዓት አልባ ጩኸት ነው አለ። በአገሪቱ ደቡብ ክፍል የዘር መለያየት ሕግ ገና ባልተሻረበት በዚያ ወቅት ሄደን ከሦስት ጥቁር ጓደኞቹ ጋር የቆመ ብቸኛው ነጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሄሮይን ሱስ ከቡድኑ ስለ ለየው ወደ ሙሉ ሥራው ለመመለስ ዓመታት ወስዶበታል።

በ1969 ሄደን «የነጻነት ሙዚቃ ኦርኬስትራ» የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ሙዚቃውን በማቀናበር ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ፒያኒስቷ ካርላ ብሌይ ናት። የመጀመሪያው አልበም የስፔይንን የእርስ በርስ ጦርነት መዝሙሮች ያካተተ ሲሆን፣ ሄደን ራሱ ለቼ ጉቬራ መታሰቢያ የደረሰው ዜማም ይገኝበታል። በ1968 በቺካጎ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ ልዑካን ሲዘምሩ የአዳራሹ ኦርኬስትራ ሌላ ዘፈን በመጫወት ድምፃቸውን ለመሸፈን ሞክሮ ነበር። ሄደን ይህን ለማሳየት ሙዚቀኞቹን በሁለት ወገን ከፍሎ እርስ በርስ አጋጨ። አድማጩ ግጭቱን ያለ ተራኪ ይረዳዋል።

ኅዳር 20 ቀን 1971 ከኮልማን ጋር በፖርቱጋል፣ በካሽካይሽ የጃዝ በዓል ላይ ተገኘ። ፖርቱጋል በዚያን ጊዜ በአምባገነን አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በአንጎላ ከ1961፣ በጊኒ ቢሳው ከ1963፣ በሞዛምቢክ ከ1964 ጀምሮ የቅኝ ግዛት ጦርነት ታካሂዳለች። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የነጻነት ንቅናቄዎችን የሚረዳ ኮሚቴ ያቋቋመው እንዲህ ላለው ትግል ነበር። ሄደን ለቼ የደረሰውን ዜማ ከመጫወቱ በፊት ሙዚቃው በእነዚህ አገሮች ለሚታገሉት የጥቁር ሕዝቦች የነጻነት ንቅናቄዎች መታሰቢያ እንዲሆን ማበርከቱን ተናገረ። አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። በማግሥቱ በሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ በፖለቲካ ፖሊሶች ተይዞ ተመረመረ፤ የተለቀቀውም የአሜሪካ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ኃላፊ ጣልቃ ከገባ በኋላ ነው።

ከመድረክ የተነገረ አንድ ቃል ቅኝ ግዛትን ነጻ እንደማያወጣ የታወቀ ነው። አገሮቹን ነጻ ያወጣው የሕዝቦቻቸው ተጋድሎ ሲሆን፣ አገዛዙንም ሚያዝያ 25 ቀን 1974 የጣሉት በጦርነቱ የተሰላቹ የራሱ መኮንኖች ናቸው። ቢሆንም ሳንሱር በነገሠበት አገር እነዚያን ስሞች በአደባባይ መስማት ለአድማጩ ቀላል ነገር አልነበረም። ሄደን ወደ አገሩ በሰላም የመመለስ ተስፋ ነበረው፤ ያጨበጨቡት ግን ከፖሊሱ ጋር የሚቀሩ ነበሩ። በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ «ለነጻ ፖርቱጋል» የተሰኘ ሥራ ማካተቱ ያን ሕዝብ እንዳልዘነጋ ያመለክታል።

በ1982 በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም የጃዝ ትምህርት ክፍልን መሠረተ። ኦርኬስትራውንም በየጊዜው እየሰበሰበ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አቆይቶታል። ሥራው በሙሉ ሲታይ በካሽካይሽ የተነገረው ቃል ከሙዚቃው ውጭ የመጣ ድንገተኛ ነገር ሆኖ አይገኝም። ከኮልማን ጎን ቆሞ የሌላውን ድምፅ ማዳመጥና መሸከም የተማረ ሰው፣ በዚያ ምሽት ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ሊነገር ያልተፈቀደውን ድምፅ ተሸከመ። ዛሬም የእርሱን አልበም የሚከፍት አድማጭ ከትራምፔቱና ከሳክስፎኑ በታች ጆሮውን ቢያሳርፍ ይህን ሰው ያገኘዋል።