ከዶማ ወደ ኮሌጅ
የተራራ ቢስክሌት ጥርጊያ ሥራ አጭር ታሪክ

ሙያ ሁሉ አስቀድሞ በእጅ ይለመዳል፤ ቈይቶ በመጽሐፍ ይጻፋል፤ በመጨረሻም በትምህርት ቤት ይሰጣል። ሐኪሙም፥ ግንበኛውም፥ ቀያሹም በዚሁ በር ገብተዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከእነዚህ ሁሉ ታናሽ የሆነውን ሙያ ታሪክ ነው፤ ይኸውም በተራራ ላይ ለሚነዱ ቢስክሌቶች መንገድ የመጥረግና ስለዚሁ ብለው የሚመጡትን እንግዶች የማስተናገድ ሥራ ነው። ነገሩን ጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚገምት አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጨዋታነቱን እኛም አንክድም፤ ነገር ግን ጨዋታው ክርክር ያስነሣ፥ ሕግ ያስከተለ፥ የተፈታ መንደርም እንደ ገና ያቀና ስለ ሆነ ታሪኩ ሊጻፍለት ይገባል እንላለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቢስክሌትን ወደ ተራራ የማውጣት ሐሳብ ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ የቈየ ነው። በአሜሪካ በሞንታና ግዛት በፎርት ሚዙላ ሠፍሮ የነበረው 25ኛው የእግረኛ ሬጅመንት፥ ወታደሮቹ ጥቁሮች የሆኑበት፥ በ1896 በሌተና ጄምስ ሞስ መሪነት የቢስክሌት ጓድ አቋቋመ። በሚከተለው ዓመት 20 ወታደሮች ከሚዙላ ተነሥተው ተራራውንና አሸዋውን እያቋረጡ እስከ ሴንት ሉዊስ ድረስ 1,900 ማይል ያህል በ41 ቀን ፈጸሙ። ጭቃው ጎማቸውን ሲይዘው ቢስክሌቱን እየገፉ፥ አንዳንዴም እየተሸከሙ ነበር የሚያልፉት። ሠራዊቱ ግን ሙከራውን አልገፋበትም፤ የእነዚያም ብርቱ ሰዎች ድካም ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ።

ዛሬ የተራራ ቢስክሌት የሚባለው የተወለደው በካሊፎርንያ በማሪን አውራጃ፥ በታማልፓይስ ተራራ ግርጌና አካባቢው ነው። በ1970ዎቹ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ቢስክሌቶች ከየቦታው ለቃቅመው የእሳት አደጋ መከላከያ ተብሎ በተቀደደው የአፈር መንገድ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። በጥቅምት ወር 1976 በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የመጀመሪያውን እሽቅድምድም አደረጉ። ቁልቁለቱ ሁለት ማይል ያህል ርዝመት ሲኖረው 1,300 ጫማ ያህል ይወርዳል። ፍሬኑ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ስለ ነበረ፥ በግለቱ ብዛት ግራሶው እየጤሰ ያልቅና ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደ ገና መሞላት ነበረበት፤ የእሽቅድምድሙም ስም «ሪፓክ» የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ የታሰበ አዲስ ቢስክሌት በእጁ ሠራ። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ፥ ቶም ሪቼ የሚሠራቸውን ቢስክሌቶች የሚሸጥ ድርጅት ከፈቱ። በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ በብዛት እያሠራ መሸጥ በመጀመሩ፥ የጥቂት ወዳጆች ጨዋታ የሕዝብ ሆነ።

ችግሩም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቢስክሌቱ በዛ እንጂ መንገዱ አልበዛም። እግረኞችና ፈረስ ጋላቢዎች በዝምታ የሚወዱት ጫካ ቁልቁል በሚበር ጎማ በመታወኩ አቤቱታ አሰሙ፤ አቤቱታቸውም ከንቱ አልነበረም። የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት በ1984 በሕግ ዱር ተብለው በተከለሉት ስፍራዎች ቢስክሌትን ከለከለ። በ1988 የካሊፎርንያ የቢስክሌት ማኅበራት ተባብረው ኢምባ የተባለውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቋቋሙት ለዚህ ክልከላ መልስ ለመስጠት ነው። ማኅበሩ ይግባኝ በማለት ብቻ አልተወሰነም፤ መንገድ እንዴት እንደሚሠራ ማስተማርንም ያዘ። ክርክሩን ከጩኸት ይልቅ ዶማና አካፋ እንደሚያበርደው የተገነዘቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ማስተዋላቸውንም እናደንቃለን።

በዚያው ዘመን በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ሰሜን፥ በፍሮም፥ በሲሙርና በሳይፕረስ ተራሮች ላይ ሌላ ዓይነት ጥበብ ይበቅል ነበር። አገሩ ዝናብ የማይለየው፥ መሬቱም ረግረግና ሥራሥር የሞላበት ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ የወደቀውን የጥድ ግንድ በመጥረቢያ እየፈለጡ፥ ከጭቃው በላይ እንደ መሰላል የተረበረበ ድልድይ ሠሩ። ሥራው የሚሠራው ያለ ፈቃድ፥ ብዙ ጊዜም በስውር ነበር። ዝናው በፊልምና በመጽሔት እየተሰማ ከሩቅ አገር እንግዳ ይስብ ጀመር፤ የመሬቱ ባለሥልጣኖች ግን ድልድዩን ማን እንደ ሠራው፥ ሰውም ቢወድቅ ማን እንደሚጠየቅ አያውቁም ነበር። በ1997 የሰሜን ዳርቻ የተራራ ቢስክሌት ማኅበር ተመሠረተ። በ2002 የወጣውም የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የደን ሕግ በ57ኛው አንቀጹ በመንግሥት መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መንገድ መጥረግን ከለከለ። እንግዲህ ከተማዎች የሚኰሩበትና እንግዳ የሚጠሩበት ሀብት የተሠራው፥ ዛሬ ሕግ በሚከለክለው መንገድ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ታሪክ ጸሓፊ ሊሸፋፍነው አይገባም።

ኮሌጁ የሚገባው በዚህ መካከል ነው። በሰሜን ቫንኩቨር በ1968 የተከፈተውና በ2008 የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ያገኘው ካፒላኖ ኮሌጅ፥ በሺሸልት ባለው ቅርንጫፉ የተራራ ቢስክሌት ሥራ የሚባል የምስክር ወረቀት ትምህርት ሰጠ። ዓላማውም በስውር ይሠራ የነበረውን ሥራ ደመወዝ ያለው፥ ኀላፊነትም የሚያሸክም ሙያ ማድረግ ነው።

ለመሆኑ መንገድ መጥረግ ምን ትምህርት ያሻዋል? ለሚል ሰው መልሱ ውሃ ነው። የጥርጊያ ጠላቱ ጎማ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ይሆናል፤ በጥቂት ዓመታትም ገደል ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው የተራራውን ወገብ ይዞ መሄድን ይማራል። የመንገዱ አቀበት በአማካይ ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፥ ደግሞም ከሚያልፍበት ጎን ቁልቁለት እኩሌታ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃል። የመንገዱን ወለል ወደ ውጭ ከመቶ 5 እጅ ያህል ዘንበል ያደርገዋል፤ ውሃውም ሳይጠራቀም ተሻግሮ ይወርዳል። በየመካከሉም መንገዱ ጥቂት እንዲወርድና እንደ ገና እንዲወጣ ይደረጋል፤ ዝቅ ባለበት ስፍራ ውሃው መውጫ ያገኛልና። እነዚህን ልኮች በቃል መያዝ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በዝናብ ጊዜ በጫካ ቆሞ ውሃው ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ ማየት ግን ዓመታት ይፈጃል። የቫንኩቨር ሽማግሌ ጠራጊዎች ይህን የተማሩት የገዛ ሥራቸው በጎርፍ ሲወሰድ እያዩ ነው።

ጥርጊያው ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም። መሪ፥ መካኒክ፥ የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ ሰው፥ ሒሳብ የሚይዝ፥ ከመሬት ባለቤት ጋር ውል የሚዋዋል ሰው ያሻል፤ የቢስክሌት ቱሪዝም የሚባለው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። እንደ እኛ አስተያየት የኮሌጅ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከዶማው ይልቅ በውሉ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ድልድይ መሥራት ያውቁ ነበር፤ ፈቃድ መጠየቅንና አደጋ ሲደርስ መልስ መስጠትን ግን ያስተማራቸው አልነበረም። በአንጻሩ የምስክር ወረቀት የሌለው ሁሉ ሥራ የማያገኝበት ቀን ከመጣ፥ ሙያውን የፈጠሩት ሰዎች ከሙያው ውጭ ይቀራሉ። ይህን ከወዲሁ ማሰብ የመምህራንም የመንግሥትም ፈንታ ነው። ልምድን በፈተና ተቀብሎ ማዕርግ መስጠት የሚያስቸግር ነገር አይመስለንም።

ሙያው ለአንድ አገር ሰው ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደግሞ ወደ አውስትራልያ፥ ወደ ታዝማንያ ደሴት እንሻገር። ዴርቢ የምትባል መንደር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቆርቆሮ ማዕድን የቀናች ነበረች። በሚያዝያ ወር 1929 ከብርቱ ዝናብ በኋላ ከመንደሪቱ በላይ የነበረው የማዕድኑ ግድብ ተሰብሮ 14 ሰዎች ሞቱ። ማዕድኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ቢከፈትም በ1940ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ፤ ሰዉም ተበተነ፤ ቤቱም ረከሰ። ከዚያ በኋላ የማዕከላዊው መንግሥትና የሁለት አውራጃ ምክር ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በጫካው ውስጥ የቢስክሌት ጥርጊያ አሠሩ፤ በ2015ም ተከፈተ። በ2017 ዓለም አቀፍ ውድድር በዚያች ትንሽ መንደር ተደረገ። ተዘግተው የነበሩ ቤቶች ለእንግዳ ማደሪያ ሆነው ተከፈቱ፤ ቢስክሌት የሚጠግን፥ እንግዳ ወደ ተራራው የሚያመላልስ፥ ምግብ የሚያበስል ሰው ሥራ አገኘ። በርግጥ የቤት ዋጋ በዚያው ልክ ናረ፤ ተቀጥሮ የሚሠራው ወጣት መኖሪያ ማግኘት ይቸግረዋል። ጥርጊያዎቹም በየክረምቱ ስለሚሸረሸሩ ጠባቂና ጠጋኝ ይፈልጋሉ፤ ጠራጊ በወጣ ማግስት ዝናብ ሥራውን ይጀምራልና። ከእነዚህ ጥርጊያዎች አንዱ የሚጠራው በዚያች ምድር ቆርቆሮ ባገኙት በክሩሽካ ወንድማማቾች ስም ነው።