ስለ ተስፋ የሚነገሩ የእስፓንኛ ፈሊጦችና የእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው

ተስፋ በእስፓንኛ «ኤስፔራንሳ» ይባላል። ቃሉ «ኤስፔራር» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ የግሱ ምንጭ ደግሞ የሮማይስጥ (ላቲን) «ስፔራሬ» ነው። በስፔንና በላቲን አሜሪካ ስለ ተስፋ የሚነገሩ ብዙ ፈሊጦችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል የሚገጥም አቻ አላቸው። ሌሎቹ በሐሳብ ብቻ ይገናኛሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ ግማሽ ትርጉማቸው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለቋንቋ ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅሙትም እነዚህ ናቸው።

አንድ ግስ፣ ሦስት ትርጉም

«ኤስፔራር» መጠበቅ ማለት ነው፤ ተስፋ ማድረግም ነው፤ ይሆናል ብሎ መገመትም ነው። እንግሊዝኛ ለነዚህ ሦስት ነገሮች ሦስት ግሶች አሉት፦ «ዌይት»፣ «ሆፕ» እና «ኤክስፔክት»። ስለዚህ ከእስፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው «ኤስፔራር» ባጋጠመው ቁጥር ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። እስፓንኛ ተናጋሪው ራሱ ግን ምርጫውን ሳያደርግ ሊያልፈው ይችላል።

ብዙውን ጊዜ የሚለየው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «ኤስፔሮ ኤል አውቶቡስ» ማለት «አውቶቡሱን እየጠበቅሁ ነው» ማለት ነው። «ኤስፔሮ ኬ ቤንጋ» ሲባል ግን «ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» ይሆናል። በመካከል «አ» የምትል አንዲት ፊደል ብትገባና «ኤስፔሮ አ ኬ ቤንጋ» ቢባል፣ ተስፋው ይቀርና «እስኪመጣ ድረስ እጠብቃለሁ» የሚል ትርጉም ይመጣል። በፈጣን ንግግር ይህች «አ» እምብዛም አትሰማም። ሆኖም በአንደኛው ተናጋሪው ሰውየው መምጣቱን አያውቅም፤ በሁለተኛው ግን ሳይመጣ ከቦታው አይነቃነቅም። በቀጠሮ ጉዳይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ስሞቹ ግን ተለያይተዋል። መጠበቁ «ኤስፔራ»፣ ተስፋው «ኤስፔራንሳ»፣ ግምቱ «ኤክስፔክታቲባ» ይባላል። በሐኪም ቤት ያለው የተራ መጠበቂያ ክፍል «ሳላ ዴ ኤስፔራ» ነው።

የመጻሕፍት አርእስትም ጉዳዩን ያሳያል። ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በተከታታይ ያሳተመው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» የተባለው ልብ ወለድ በእስፓንኛ «ግራንዴስ ኤስፔራንሳስ»፣ ማለትም «ታላላቅ ተስፋዎች» ተብሏል። በዘመኑ እንግሊዝኛ «ኤክስፔክቴሽንስ» ሰው ወደፊት ይወርሰዋል ተብሎ የሚጠበቀውን ሀብት ጭምር ያመለክት ነበር። የእስፓንኛው አርእስት ውርሱን ጥሎ ተስፋውን ብቻ ይዟል። የሳሙኤል ቤኬት ተውኔት ደግሞ በተቃራኒው አትርፏል። እንግሊዝኛው አርእስት ጎዶን «መጠበቅ» ብቻ ሲል፣ «ኤስፔራንዶ አ ጎዶ» በሚለው የእስፓንኛ አርእስት ውስጥ ለአድማጭ የተስፋው ትርጉም አብሮ ይሰማል።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «ተስፋ» የሚለው ቃል የመጣው «ተሰፈወ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ሲሆን፣ ግሱ ተስፋ ማድረግንም በጉጉት መጠበቅንም ይይዛል።

«ኦኻላ»

በእስፓንኛ ምኞትን ለመግለጽ ከሚያገለግሉት ቃላት ሁሉ የታወቀው «ኦኻላ» ነው። ሙስሊሞች የኢቤሪያን ልሳነ ምድር በሙሉ ወይም በከፊል ከገዙበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ711 እስከ 1492 ካለው ጊዜ፣ ወደ እስፓንኛ ከገቡት ብዙ የዓረብኛ ቃላት አንዱ ነው። ብዙ ሰዎች ቃሉ በቀጥታ «ኢንሻአላህ» ከሚለው እንደመጣ ያምናሉ። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ግን ምንጩን በአንዳሉስ ይነገር በነበረው ዓረብኛ «ላው ሻ ላህ» የሚለው ሐረግ ያደርገዋል። ትርጉሙ ያው «አላህ ቢፈቅድ» ነው፤ ልዩነቱ ያለው በመነሻው ቃል ላይ ነው። በዓረብኛ «ኢን» ሊሆን ለሚችል ነገር ሲያገለግል፣ «ላው» እንዲያው በሐሳብ ለሚታሰብ ወይም ለመሆን ለሚያጠራጥር ነገር ይውላል። «ኢንሻአላህ» የሚል ሰው ነገ ሊያደርግ ያቀደውን ይናገራል። «ኦኻላ» የሚል ሰው ግን ይመኛል እንጂ አያቅድም።

የዛሬ ተናጋሪዎች በቃሉ ውስጥ የአምላክ ስም መኖሩን አያስቡትም፤ ሃይማኖት የሌለውም ሰው ይለዋል። ፈጣሪን መጥራት የፈለገ «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» («እግዚአብሔር ቢፈቅድ») ወይም ጠንከር ባለ አነጋገር «ዲዮስ ሜዲያንቴ» ይላል። ለነዚህ የእንግሊዝኛው «ጎድ ዊሊንግ» በትክክል ይገጥማል። ፖርቱጋልኛም ከዚያው ምንጭ «ኦሻላ» የሚል ቃል አለው።

«ኦኻላ» ራሱ ግን በእንግሊዝኛ አንድ ቋሚ አቻ የለውም። ምክንያቱ የተስፋው መጠን የሚታወቀው ከሚከተለው ግስ መልክ በመሆኑ ነው። «ኦኻላ ቤንጋ» ሲባል ሰውየው የመምጣት ዕድል አለው፤ በአማርኛ «በመጣልኝ» ወይም «ምነው ቢመጣ» እንደማለት ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ «አይ ሆፕ» ይላል። «ኦኻላ ቢኒዬራ» ሲባል መምጣቱ ያጠራጥራል፤ እንግሊዝኛውም ከ«ሆፕ» ወጥቶ ወደ «አይ ዊሽ» ይሸጋገራል። «ኦኻላ ኡቢዬራ ቤኒዶ» ከሆነ ነገሩ አልፏል፣ ሰውየውም አልመጣም፤ «ምነው መጥቶ ቢሆን ኖሮ» ነው፣ በእንግሊዝኛ «ኢፍ ኦንሊ»። እንግሊዝኛ ተስፋን፣ ምኞትንና ጸጸትን በተለያየ ቃል ሲከፋፍል፣ እስፓንኛ ቃሉን ሳይለውጥ ግሱን ብቻ ያረባል።

በየዕለቱ ንግግር «ኦኻላ»ን በ«ሆፕፉሊ» መተርጎም የተለመደ ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ዱሮ «በተስፋ ተሞልቶ» ማለት ብቻ ነበርና «እንደሚሆን ተስፋ እናደርጋለን» በሚለው ትርጉም መጠቀሙን ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ተቃውመውታል። የአሶሼትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ አዲሱን አገባብ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ካምፓሜንቶ ኤስፔራንሳ

የመጠበቅና የተስፋ መደራረብ በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በቺሌ የደረሰው የማዕድን አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2010 በአታካማ በረሃ፣ በኮፒያፖ ከተማ አቅራቢያ፣ የሳን ኾሴ ማዕድን ተደርምሶ 33 ሠራተኞች 700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተቀበሩ። ቤተሰቦቻቸው ከማዕድኑ አፍ አጠገብ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ፤ ሰፈሩም «ካምፓሜንቶ ኤስፔራንሳ» ተባለ። ለ17 ቀናት ከሥር የተሰማ ድምፅ አልነበረም። በ17ኛው ቀን መሰርሰሪያው ሲወጣ፣ 33ቱም በሕይወት መኖራቸውን የሚገልጽ ወረቀት ታስሮበት ተገኘ። ሁሉም ከ69 ቀናት በኋላ፣ ኦክቶበር 13 ቀን ወጡ።

የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ሰፈሩን «ካምፕ ሆፕ» ብለው ተረጎሙት። ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ እነዚያ ቤተሰቦች ዋነኛ ሥራቸው መጠበቅ ነበር፤ በእስፓንኛው ስም ውስጥ ከተስፋው ጋር ይኸው መጠበቅ አለ፣ በእንግሊዝኛው ግን የለም።

ምሳሌያዊ አነጋገሮች

በጣም የሚዘወተረው «ላ ኤስፔራንሳ ኤስ ሎ ኡልቲሞ ኬ ሴ ፒዬርዴ» ሲሆን፣ «ከሁሉ በኋላ የሚጠፋው ተስፋ ነው» ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከጥንታዊው ግሪካዊ ገጣሚ ከሄሲዮድ ትረካ ጋር ይያያዛል፤ በትረካው ፓንዶራ የማሰሮውን ክዳን ስትከፍት መከራው ሁሉ ወጥቶ ሲበተን ተስፋ ብቻ ውስጥ ይቀራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሉት «ሕይወት ባለበት ተስፋ አለ» የሚለውን ነው። እሱም በእስፓንኛ «ሚዬንትራስ አይ ቢዳ፣ አይ ኤስፔራንሳ» ተብሎ ይገኛል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፦ ሮማዊው ሲሴሮ ለወዳጁ ለአቲኩስ በጻፈው ደብዳቤ ስለ በሽተኛ እንደሚባል አድርጎ ጠቅሶታል፤ በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 ቁጥር 4ም ተስፋ የሕያዋን ድርሻ ሆኖ ይገኛል።

«ኖ አይ ማል ኬ ፖር ቢዬን ኖ ቤንጋ» ማለት «ለበጎ የማይመጣ ክፉ ነገር የለም» ነው፤ ከአማርኛው «ሁሉም ለበጎ ነው» ጋር ይቀራረባል። የስፔን ወርቃማ ዘመን ጸሐፌ ተውኔት ኹዋን ሩዊስ ዴ አላርኮን ለአንድ ተውኔቱ አርእስት አድርጎታል። መዝገበ ቃላት ሁሉ አቻው «ደመና ሁሉ የብር ጠርዝ አለው» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል እንደሆነ ይናገራሉ፤ የደመናው ምስል የመጣው ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1634 ከጻፈው ተውኔት ነው። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። እንግሊዝኛው በክፉው ነገር ጠርዝ ላይ ትንሽ ብርሃን አለ ይላል። እስፓንኛው ግን ክፉው ራሱ የመጣው ለበጎ ነው ይላል፤ ስለዚህም ነገሩ ካለፈ በኋላ ይነገራል እንጂ ገና ሐዘን ላይ ላለ ሰው አይመችም። ለእንደዚያ ያለ ሰው «ዲዮስ አፕሪዬታ፣ ፔሮ ኖ አኦጋ» ይሻላል፦ «እግዚአብሔር ያጠብቃል እንጂ አንቆ አይገድልም»። በእንግሊዝኛ የሚቀርበው አባባል እግዚአብሔር ጠጉሯ ለተሸለተ ጠቦት ነፋሱን እንደሚያለዝብላት ይናገራል። ብዙዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይመስላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ያስፋፋው ግን ሎረንስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1768 ያሳተመው የጉዞ ልብ ወለድ ነው።

«ኖ አይ ማል ኬ ሲዬን አኞስ ዱሬ» («መቶ ዓመት የሚዘልቅ ክፉ ነገር የለም») ቀልድ ያለበት ጭማሪ አለው፦ «ኒ ኩዌርፖ ኬ ሎ ሬሲስታ»፣ «የሚችለውም ገላ የለም»። እንግሊዝኛው «ይህም ያልፋል» ሲል ያጽናናል፣ አይቀልድም። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል የሚለው ደግሞ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1605 በታተመው በመጀመሪያው የዶን ኪኾቴ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ከእርሻ የመጣው «ኤስፔራር ኮሞ አጉዋ ዴ ማዮ» («እንደ ግንቦት ውሃ መጠበቅ») በእንግሊዝኛ አቻ የለውም። በስፔን በመጸው የተዘራው ስንዴና ገብስ ፍሬ የሚሞላው በፀደይ መጨረሻ ነው። የሜይ ወር ዝናብ ከቀረ የዓመቱ ድካም ባዶ ይቀራል፤ ቀጥሎ ያለው በጋም ደረቅ ነው። ተርጓሚዎች «ከሰማይ እንደወረደ መና» የሚለውን ይጠቀማሉ። መና ግን ሳይታሰብ የመጣ ስጦታ ነው፤ የግንቦት ውሃ ቀኑ እየተቆጠረ ሰማዩ እየታየ የሚጠበቅ ነው።

«ኢሉሲዮን» እና ሐሰተኛ ወዳጁ

የእንግሊዝኛው «ኢሉዥን» እና የእስፓንኛው «ኢሉሲዮን» ከአንድ የሮማይስጥ ቃል ወጥተዋል። በእንግሊዝኛ ቃሉ የተሳሳተ እይታ ወይም ቅዠት ብቻ ነው። በእስፓንኛ ይህ ትርጉም አልጠፋም፤ ከጎኑ ግን ደስ የሚያሰኝ ተስፋ የሚል ሌላ ትርጉም በቅሏል። «ሜ አሴ ሙቻ ኢሉሲዮን» የሚል ሰው ስለሚመጣው ነገር ልቡ በደስታ ተሞልቷል፤ የእንግሊዝኛው አቻ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ነው። ቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ ግን ሰውየውን የሚቃዥ ያደርገዋል። ስፔናዊው ፈላስፋ ኹሊያን ማሪያስ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለዚህ አንድ ቃል መጽሐፍ ጽፎ፣ በጎው ትርጉም የእስፓንኛ መለያ እንደሆነ ተከራክሯል።

የቆየው ትርጉም «አሴርሴ ኢሉሲዮኔስ» በሚለው ፈሊጥ ውስጥ ይታያል፤ በከንቱ ተስፋ ማድረግ ነው። «ኖ ቴ አጋስ ኢሉሲዮኔስ» የሚባለው ሰው «ልብህን አታንጠልጥል» እንደተባለ ይቆጠራል፤ እንግሊዝኛው «ዶንት ጌት ዩር ሆፕስ አፕ» ነው።

አረንጓዴና «በጎ ተስፋ»

በእስፓንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተስፋ ቀለም አረንጓዴ ነው። በሴቪያ ከተማ የምትከበረው የማካሬና ድንግል፣ ሙሉ ስሟ «የተስፋይቱ ቅድስት ማርያም»፣ ከዚህ ቀለም ጋር የማትነጠል ናት። ሆኖም ታዋቂው የኮርማ ተፋላሚ ኾሴሊቶ እ.ኤ.አ. በ1920 በኮርማ ተወግቶ ሲሞት፣ ምስሏ ጥቁር የሐዘን ልብስ እንዲለብስ ተደርጓል።

የተስፋይቱ ማርያም በዓል ዲሴምበር 18 ይውላል። ቀኑን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ656 የተሰበሰበው አሥረኛው የቶሌዶ ጉባኤ ነው። በዓሉ ከልደት አንድ ሳምንት ቀድሞ መውለዷን የምትጠባበቅ እናትን ስለሚያስብ፣ ስሙ በአንድ በኩል ተስፋ በሌላ በኩል መጠበቅ ነው። ነፍሰ ጡርን በአክብሮት «ኤስታ ዴ ቡዌና ኤስፔራንሳ» («በበጎ ተስፋ ላይ ናት») ማለትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እንግሊዝኛው «ሺ ኢዝ ኤክስፔክቲንግ» ይላል፤ ትጠብቃለች ማለት እንጂ በጎ ተስፋ የሚል ነገር የለበትም።

ተስፋን የሚጠራጠሩ አባባሎች

«ኪዬን ኤስፔራ፣ ዴሴስፔራ» በ«ኤስፔራር» ድርብ ትርጉም ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው፦ የሚጠብቅ (ወይም ተስፋ የሚያደርግ) ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ጨዋታውን በእንግሊዝኛ ማቆየት አይቻልም። በሐሳብ የሚቀርበው የዘገየ ተስፋ ልብን እንደሚያሳምም የሚናገረው የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 13 ቁጥር 12 ነው። «ዴ ኢሉሲዮኔስ ታምቢዬን ሴ ቢቤ» («በሕልምም ይኖራል») ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ለሚያወራ ሰው በፈገግታ የሚሰጥ መልስ ነው።

ተስፋው ጭራሽ ከንቱ ሲሆን እስፓንኛ ተናጋሪው ነገሩ የሚሆነው «ኩዋንዶ ላስ ራናስ ክሪዬን ፔሎ»፣ «እንቁራሪት ጠጉር ስታበቅል» ነው ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በዚህ ቦታ አሳማ እስኪበር ይጠብቃል።