አውሮፕላን ቤት ውስጥ ሲሠራ ለምን ከጭራው ይጀመራል?

አስመላሽ ዘፈሩን ታስታውሱታላችሁ? በ2007 ዓ.ም. በራሱ እጅ የሠራትን «ኬ-570ኤ» አውሮፕላን ለማብረር ሲሞክር ብዙ ተወርቶለት ነበር። እሱ የሠራው ከባዶ ተነስቶ ነው። ዛሬ የምናየው ግን ሌላውን መንገድ ነው፦ ተቆራርጦ የመጣን አውሮፕላን ጋራዥ ውስጥ መገጣጠም። ይህ ዕቃ «ኪት» ይባላል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሕጋዊ ነው። ዋናው መስፈርት ከሥራው ከግማሽ በላዩን ግለሰቦች ለመማር ወይም ለመዝናናት ብለው መሥራታቸው ነው፤ በተለምዶ «የ51 በመቶ ሕግ» ይሉታል። እኛ እንደ ምሳሌ የምንወስደው ኦሪገን ግዛት ያለው ቫንስ ኤርክራፍት የሚያመርታቸውን «አርቪ» አውሮፕላኖች ነው። እስካሁን ከ11,000 በላይ በረዋል።

🔹 ጭራው ምን ምን አለው?

▪️ አግዳሚው ማረጋጊያ፦ ጭራውን ወደ ታች እየተጫነ አፍንጫው እንዳይደፋ ያደርጋል።
▪️ ኤሌቬተር፦ ከአግዳሚው ኋላ በማጠፊያ ይያያዛል፤ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ያዞራል።
▪️ ቋሚው ማረጋጊያ፦ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ይረዳል።
▪️ ረደር፦ ከቋሚው ኋላ ያለው ነው፤ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል። ከራዳር ጋር እንዳይምታታባችሁ።

🔹 ለምን ከጭራው?

ኪቱ በየክፍሉ ይሸጣል፤ ጭራው ደግሞ ከትልልቆቹ ክፍሎች ርካሹ ነው። ሰውዬው ለክንፍና ለሞተር ብዙ ገንዘብ ሳያፈስ ትዕግሥቱንና እጁን ይፈትንበታል። አንድ ቁራጭ ቢያበላሽ እንኳ ያንኑ ለብቻው ይገዛል።

🔹 አሠራሩ

1. ቁራጮቹ በጊዜያዊ ማያያዣ ተገጣጥመው ቀዳዳዎቹ ይስተካከላሉ። ከዚያ ሁሉም ይፈታል። አዎ፣ እንደገና ይፈታል!
2. የቀዳዳና የጠርዝ ሻካራው ሁሉ ይለሰልሳል። ትንሽ ጭረት ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይወልዳል።
3. የሪቬቱ ራስ ከላሜራው ጋር እኩል እንዲሆን የቀዳዳው ዙሪያ ይጎደጉዳል።
4. ሪቬቱ ይመታል፦ በአንድ በኩል በአየር የሚሠራ መዶሻ፣ በሌላው በኩል ከባድ ብረት ተደግፎ። ብዙ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ይፈልጋል። 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት በደንብ ከተመታ ጫፉ ወደ 3.6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ 1.2 ገደማ ይቀራል።

የተበላሸ ሪቬት በትራፓኖ ተበስቶ ይወጣል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ቀዳዳው ከሰፋ ችግሩ ከመጀመሪያው ይብሳል።

🔹 አደጋው የት ላይ ነው?

«ፍላተር» የሚባል ነገር አለ። ፍጥነት ሲጨምር ኤሌቬተሩ ወይም ረደሩ መርገብገብ ከጀመረ ጭራውን በሰከንዶች ውስጥ ሊሰብረው ይችላል። ለዚህ ነው ከማጠፊያው ፊት የሚዛን ክብደት የሚታሰረው። የኋላ ጠርዙ ቀጥ ማለት አለበት የሚባለውም በዋዛ አይደለም።

የፋብሪካ ዕቃ ነው ብሎ መተማመንም አይቻልም። ቫንስ ኤርክራፍት በሌዘር ያስቆረጣቸው ላሜራዎች ላይ ቀዳዳው ሲጎደጉድ ስንጥቅ ይታይ ጀመር። ድርጅቱ ይህ ካስከተለው ወጪ ጋር ሌላም የገንዘብ ችግር ተደራርቦበት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር ለመግባት አመለከተ። ሥራውን ግን አላቋረጠም።

🔹 ከመብረሩ በፊት

መርማሪ አይቶ ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ይደረጋል። መርማሪው ግን የታሸገ ጭራ ቀዶ አያይም። ስለዚህ ሠሪዎች እያንዳንዱን ደረጃ ከመዝጋታቸው በፊት ፎቶ አንስተው ከነቀኑ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ሥራውን ራሳቸው ለመሥራታቸው ማስረጃ ነው። ነገ አውሮፕላኑን የሚገዛ ሰውም ውስጡን የሚያየው በዚያው ነው።