ማንን ነው የበረደው?

«ሹራብህን ልበስ!» «አልበረደኝም!» ይህች የበር ላይ ክርክር ታሪክ አላት። ያውም የፈላስፎች ታሪክ።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1693 ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ ክረምት ከበጋ በልብስ አይታፈን፣ እግሩ በየቀኑ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ ጫማውም ውኃ የሚያስገባ ስስ ይሁን ይላል። ሐኪምም ነበርና ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የሚያስጀምረው፤ በጸደይ፣ ለብ ባለ ውኃ። ማስረጃው የድሃ ልጆች ናቸው፤ በባዶ እግራቸው እየሄዱ ምንም አይሆኑም ባይ ነው። (ከእነሱ ስንቱ ሳያድግ እንደቀረ የቆጠረ አይመስልም።) የቤቱ እመቤትና ሠራተኞቹ እንደሚቃወሙት ግን አውቋል፤ ያንን ሁሉ የጨቀየ ካልሲ የሚያጥበው ማን ሆነና! ልጁን ማንም አልጠየቀውም። ሎክ የመኳንንት ልጆችን አስተማረ እንጂ የራሱ ልጅ አልነበረውም።

ልጁን የጠየቀ የሚመስለው ሩሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1762 በወጣው «ኤሚል» ልጅ የክፍሉን መስኮት ከሰበረ ተዉት፣ ነፋሱ ሌት ተቀን ይንፈስበት ይላል። ጅል ሆኖ ከሚያድግ ጉንፋን ቢይዘው ይሻላል ነው ነገሩ። ዛሬ «ካፖርቱን ትቶ ይውጣ፣ ሲበርደው ይማራል» የሚሉን መካሪዎች፣ አወቁትም አላወቁትም፣ በዚህ መስኮት የገቡ ናቸው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሌላም ምክር አለ፤ ልጁ «ጌታው እኔ ነኝ» ብሎ ያስብ፣ ጌታው ግን ሁልጊዜ እናንተ ሁኑ የሚል። ምርጫ ይሉሃል ይሄ ነው! ሩሶ የገዛ አምስት ልጆቹን ደግሞ ለፓሪስ የሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቷል።

ለነገሩ ብርድ ጉንፋን ያስይዛል? በእንግሊዝ ሶልዝበሪ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1990 በሠራው የጉንፋን ምርምር ማዕከል ፈቃደኞችን ገላቸውን አስታጥበው፣ እርጥብ እንዳሉ ነፋስ በሚገባበት ኮሪደር አቆሟቸው። እርጥብ ካልሲም አስደረጓቸው። ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አላስያዘም፤ ጥፋተኛው ቫይረስ ነው። እናቶች ተረቱ ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የካርዲፍ ተመራማሪዎች 90 ሰዎችን ለ20 ደቂቃ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስነከሩ። በቀጣዮቹ ቀናት ከእነዚህ 13ቱ፣ እግራቸውን ባዶ ሳፋ ውስጥ ካደረጉት ሌሎች 90 ደግሞ 5ቱ የጉንፋን ምልክት ተሰማን አሉ። ሎክ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አራስ ልጅ ሲበርደው እንደ እኛ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም፤ እሱን መጠቅለል የእናት ሥራ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጅ ግን ሮጦ የሚሞቅ ገላውን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ቆመን የምናየው እኛ ነን የሚበርደን። የአዲስ አበባ ኅዳር ደግሞ ለሁለቱም ይፈርዳል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሹራቡ ወገብ ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ሹራቡ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ መቼ እንደሚያወጣው እሱ ይወቅ። ደብረ ብርሃን ከሆነ ግን ለብሶ ይውጣ፣ ክርክር የለም።