በግርፋት የተገኘ ቃል

አንድ ተከሳሽ በገዛ አንደበቱ «አዎን፥ ገድያለሁ» ካለ፥ ለዳኛው ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስልም። ነገር ግን ያለውን ብቻ ሳይሆን፥ ምን ሲደረግበት እንዳለው መጠየቅ ይገባል። ይህም በአሜሪካ፥ ሚሲሲፒ በተባለው ግዛት በደረሰው ታሪክ ይታወቃል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በማርች ወር ማለቂያ አንድ ነጭ ባለ እርሻ ተገደለ። ስለዚህም ሦስት ጥቁሮች ጭሰኞች ተያዙ። አንደኛውን፥ ምክትል የጸጥታ ሹም ያለባቸው ሰዎች በገመድ ከዛፍ ላይ እየሰቀሉና እያወረዱ «እመን» አሉት፤ እንቢ ቢል ገረፉት። በዚያ ቀን አላመነም፤ ጥቂት ቆይተው ዳግመኛ ይዘው ቢገርፉት ግን አመነ። ሁለቱን ደግሞ በወህኒ ቤት ልብሳቸውን አስወልቀው፥ ዘለበት ባለው ጠፍር ጀርባቸው እስኪቈስል ገረፉአቸው። ተገራፊዎቹም ገራፊዎቹ እንደ ወደዱት አድርገው ቃላቸውን እየለወጡ ተናገሩ። እንግዲህ ያ ቃል የማን ነው?

በአፕሪል 5 ቀን የተጀመረው ክርክር በማግስቱ በሞት ፍርድ ተፈጸመ። ከዚያ ቃል በቀር የሚያስፈርድ ማስረጃ አልነበረም። የገመዱ ምልክት በተከሳሹ አንገት ላይ ይታይ ነበር፤ ምክትል ሹሙም መግረፉን ሳይክድ፥ ለጥቁር ሰው ብዙ አይደለም ብሎ በችሎት መሰከረ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንኳ ፍርዱን አጸና፤ የተቃወሙት ሁለት ዳኞች ብቻ ነበሩ።

ለተከሳሾቹ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከሩት ቀድሞ የሚሲሲፒ ገዥ የነበሩት ኤርል ብሩወር ናቸው። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1936 ዓ.ም. ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፥ በሥቃይ በተገኘ ቃል መፍረድ ሕገ መንግሥቱ ያዘዘውን ሥርዓት ማፍረስ ነው ብለው የሞቱን ፍርድ ሻሩት። ይሁን እንጂ ሦስቱ ሰዎች በነጻ አልተለቀቁም፤ እንደ ገና ለሞት የሚያሰጋ ክርክር እንዳይገጥማቸው፥ በቀለለ ወንጀል ሳይከራከሩ ቅጣቱን ተቀብለው፥ ከስድስት ወር እስከ ሰባት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሕመም ሰውን ያናግራል እንጂ እውነትን አያወጣም። ንጹሑ በግርፋት ሲያምን እውነተኛው ገዳይ ሳይፈለግ ይቀራል፤ የሟቹም ደም ፍርድ አያገኝም። ነገ ዳኛ ወይም የጸጥታ ሹም ብትሆን፥ ወይም ከሰው መካከል ተቀምጠህ «ራሱ አምኖ የለም?» ሲባል ብትሰማ፥ በማን ፊትና በምን ሁኔታ አመነ ብለህ ጠይቅ። በዚያ ችሎት የተቀመጡት የገመዱን ምልክት እያዩ ይህን ባለመጠየቃቸው፥ ሦስት ሰዎች ለሞት ተላልፈው ነበር።